ከአስማሚ እስከ አስሊ፤ የምስል ካርድ ስያሜ ታሪክና የተርጓሚው ድርሻ

ለሙያ ቃላት ዝግጅት ከሚቀርቡልን ጽሑፎች መካከል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እየበዛ የመጣ አንድ ዓይነት አለ። ይኸውም ተገጣጥሞ ለጨዋታ የተሸጠንና ዕድሜው የገፋን ኮምፒዩተር ከፍቶ፣ በውስጡ ያለውን ግራፊክስ ካርድ አውጥቶ፣ በበረታ ካርድ ስለ መተካት የሚያስረዳ መመሪያ ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ አንድ ሁለት ብሎን ይፈታል፣ አንድ ሰሌዳ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። ቋንቋው ግን ቀላል አይደለም፤ በመመሪያው ውስጥ ያሉት ስሞች በአንድ ዘመን የወጡ አይደሉምና። አንዱ በ1981፣ ሌላው በ1987፣ ሌላው በ1999፣ ሌላው በ2003 የተወለደ ሆኖ፣ ሁሉም በአንድ ሣጥን ውስጥ ተደራርበው ይገኛሉ። የስሞቹን ታሪክ ሳያውቅ የሚተረጕም ሰው ቃሉን አግኝቶ ነገሩን ሊስተው ይችላል። ስሕተቱም በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ገንዘቡን አውጥቶ የማይገባለትን ካርድ የገዛ ወይም የሚሠራውን እንደማይሠራ ቈጥሮ የመለሰ አንባቢ ዕዳውን ይከፍላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የነዚህን ስሞች አመጣጥ እንመረምራለን፤ አማርኛ አቻ ስንፈልግላቸውም የት ላይ እንደምንሰናከል እናመለክታለን። የኛ አቈጣጠር መሆኑ ካልተነገረ በቀር ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን «ተገጣጥሞ የተሸጠ» የሚለውን ቅጽል እንውሰድ። በ1975 አልቴር 8800 የተባለው ኮምፒዩተር ለሽያጭ ሲቀርብ በይበልጥ የታወቀው ባልተገጣጠመ መልኩ ነበር፤ ገዢው ክፍሎቹን በሣጥን ተቀብሎ ራሱ እየበየደ ይገጥማቸዋል። ተገጣጥሞ እንዲሰጠው የሚፈልግ ብልጫ ይከፍል ነበር። በሚቀጥሉት ዓመታት ግን ተገጣጥሞ መሸጥ ልማድ ሆነ፤ ልማድ የሆነ ነገር ደግሞ ቅጽል አይፈልግም። በኋላ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ በቤት መገጣጠም በጨዋታ አፍቃሪዎች ዘንድ ሲስፋፋ፣ ነባሩ ነገር ከአዲሱ የሚለይበት ስም አጣና ቅጽል ተሰጠው። ይህ አካሄድ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። የፈረንጅ ዶሮ እስኪመጣ ድረስ የሐበሻ ዶሮ የሚባል አልነበረም፤ ዶሮ ዶሮ ነበር። የሐበሻ ልብስ የሚለውም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል ቀጥታ ወስደው «ቅድመ ግንባታ ኮምፒዩተር» የሚሉ ረቂቆች ደርሰውናል፤ ቅድመ ግንባታ ግን በአማርኛ ከግንባታ በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ መሐንዲሶች የሚሉትም ይህን ነው። ተገጣጥሞ የተሸጠ የሚለው ረዘም ይበል እንጂ ማንንም አያሳስትም።

ነገሩን በአንድ የታወቀ መኪና ላይ አድርገን እንየው። ዴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2006 የገዛው ኤሊየንዌር፣ በጥር 2012 ኤክስ 51 የሚባል ትንሽ የጨዋታ ኮምፒዩተር አወጣ። መጠኑ በቴሌቪዥን አጠገብ ከሚቀመጡት የጨዋታ ሣጥኖች ብዙም አይርቅም። ለዚህ ትንሽነት ግን ዋጋ ተከፍሎበታል። የኤሌክትሪክ ማደያው በሣጥኑ ውስጥ ቦታ ስላላገኘ እንደ ጭን ኮምፒዩተር ሁሉ በገመድ ተያይዞ በውጭ የሚቀመጥ ጡብ መሳይ ዕቃ ሆነ፤ የሚሰጠውም እንደ ዓይነቱ 240 ወይም 330 ዋት ነው። ካርዱም በእናት ሰሌዳው ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ስላልቻለ በመካከል አገናኝ ሰሌዳ ገብቶ ጎን ለጎን እንዲሆኑ ተደረገ። በ2012 በቂ የነበረው ካርድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአዳዲስ ጨዋታዎች አነሰ። ባለቤቱም ሙሉውን ከመጣል ካርዱን ብቻ ለመለወጥ ያስባል። ገጣጣሚው ድርጅት በ2012 የወሰነው ወሰን ሁሉ ያን ጊዜ በፊቱ ይቆማል፤ ወሰኑን የሚያነብበውም በተርጓሚው አማርኛ ነው።

ካርድ የሚለው ቃል አዲስ መጤ ይመስላል። ዘመዶቹ ግን ከኛ ጋር ሲኖሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በግሪክኛ ኻርቴስ የፓፒረስ ቅጠል ነበር። በላቲን ካርታ ሆኖ ከዚያ ወደ ጣልያንኛ፣ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ እንግሊዝኛ ዘለቀ፤ በሌላው ጎዳና በዐረብኛ ቂርጣስ ሆነ፤ በግእዝም ክርታስ ተብሎ እናገኘዋለን። ስለዚህ በግእዝ መጻሕፍት ያለው ክርታስ፣ የአገር ወሰን የሚነበብበትና ቁማርተኛ የሚበውዘው ካርታ፣ በኪስ የሚያዘው መታወቂያ ካርድና በኮምፒዩተር ውስጥ የሚሰካው ካርድ በሥራቸው አንድ ናቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አይቢኤም ለኮምፒዩተሮቹ የሠራቸውን ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ካርድ ብሎ ይጠራቸው ነበር፤ በእርግጥም መዳፍ የሚያክሉ ነበሩ። በጥቅምት 2022 ኤንቪዲያ ያወጣው አርቲኤክስ 4090 ግን 304 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም 2 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ይህን ካርድ ማለት ጋሪን ጫማ እንደ ማለት ነው። ሆኖም ስሙ ከቅርጹ ተለይቶ ረግቷል። ለአማርኛ አንባቢ ካርድ በመጀመሪያውም የስስነትን ትርጉም ይዞ ስላልመጣ፣ ውሰቱን እንዳለ መቀበል የሚጎዳ አይሆንም። የዘመድነቱን ነገር አይተው «የምስል ክርታስ» እንበል የሚሉ ሊኖሩ ይችላሉ። በመጀመሪያ ከአማርኛ፣ ቀጥሎ ከግእዝ፣ ቀጥሎ ከሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ፈልጎ፣ በመጨረሻ ወደ ውሰት መሄድ የታወቀ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ሕዝቡና ጠጋኙ አንድ ቃል ይዘው ከተግባቡ በኋላ ግእዝን ቀስቅሶ ማምጣት ግእዝንም አያከብረውም።

አሁን ወደ ሥራው ስሞች እንምጣ። አይቢኤም በነሐሴ 1981 የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ ለማሳያ የሚሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች አቅርቦ ነበር። አንደኛው ለባለ አንድ ቀለም ማሳያ የተሠራና የማተሚያ መኪና ማገናኛም ያለው ነው፤ ሁለተኛው ለቀለምና ለግራፊክስ የተሠራ ነው። በስማቸው ላይ ያለው ቃል ካርድ ሳይሆን አዳፕተር፣ ማለት አስማሚ ነበር። ስሙ ሥራቸውን በትክክል ይገልጻል። ሰሌዳው የሚያደርገው ኮምፒዩተሩ የሚጽፈውን ማሳያው ከሚቀበለው ጋር ማስማማት ብቻ ነበርና፤ በማህደረ ትውስታው ውስጥ የተቀመጠለትን እያነበበ ይልካል እንጂ የራሱ የሆነ ስሌት የለውም። ይህ የመጀመሪያ ስም ዛሬም አልሞተም። በእንግሊዝኛው ዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ካርዱ የሚገኘው «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» በሚል አርእስት ሥር ነው።

ባለ አንድ ቀለሙ አስማሚ ፊደል እንጂ ሥዕል አያውቅም ነበር። አምራቹ ቀርጾ ያስቀመጠለት 256 ምልክቶች ብቻ ነበሩት፤ እነዚህን በ25 መስመር፣ በየመስመሩም 80 እያደረገ ይደረድራል። የቀረው ዓለም ፊደል በዚያ ውስጥ አልነበረም። ለቋንቋ ሰዎች ልብ ሊባል የሚገባው ታሪክ እዚህ ላይ ነው። ቫን ሱዋኑኩል የተባለ የታይላንድ ተወላጅ በኮምፒዩተሩ በታይ ፊደል ለመጻፍ ፈልጎ፣ አስማሚው ስላልቻለለት፣ ማሳያውን 720 በ348 በሆኑ ነጥቦች የሚሞላ የራሱን ሰሌዳ ሠራ። ይህም በ1982 «ሄርኩለስ ግራፊክስ ካርድ» ተብሎ ለገበያ ቀረበ፤ በእጅጉም ተስፋፋ። እንግዲህ ዛሬ ለጨዋታ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለን ስም በምርት ስምነት ዓለምን ሲዞር መነሻው ፊደል ነበር።

የኛም ፊደል በዚያው ችግር ውስጥ ነበር። 33ቱ መሠረታውያን ፊደላት በ7 ቅርጽ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉ፣ የላቲን ፊደልም አብሮ ይኑር ሲባል 256 ቦታ አይበቃም። በ1984 የወጣው ኢጂኤና በ1987 የወጣው ቪጂኤ ምልክቶችን ከፕሮግራም እየጫኑ መለወጥን ፈቀዱ፤ የቦታውም ብዛት እስከ 512 ደረሰ። ከዚያ ውጭ የነበረው መንገድ ሀ ሁ ሂን ነጥብ በነጥብ መሣል ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 የራሱን የኮድ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጽሑፍና ግራፊክስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በነበሩበት ዘመን፣ ለኛ ጽሑፉ ራሱ ግራፊክስ ነበር። የግሪክኛውም ግራፎ መጻፍንም መሣልንም ያመለክታል። እኛ ግን ጸሐፊውን ከሠዓሊው በግልጽ ስለምንለይ ከሁለቱ አንዱን ስንመርጥ ግማሹን እንጥላለን። «ሥዕላዊ ካርድ» የሚለው አቻ የሚያስቸግረው በዚህ ብቻ አይደለም፤ አንባቢው በአእምሮው የሚያመጣው ለእንቁጣጣሽ የሚላከውን፣ አበባ የተሣለበትን ካርድ ነው። ምስል የሚለው ከመሰለ የወጣ በመሆኑ የፊደልን ቅርጽም የሰውን መልክም ያቅፋል። ስለዚህ ከውሰቱ ጎን የምስል ካርድ የሚለውን እንመርጣለን።

ቪጂኤ የሚለው ምኅጻረ ቃል ለብቻው አንድ ምዕራፍ የሚገባው ነው። በ1987 ከአይቢኤም ፒኤስ/2 ኮምፒዩተሮች ጋር ሲመጣ በእናት ሰሌዳው ላይ የተሠራ አንድ ቺፕ ነበር እንጂ ካርድ አልነበረም። ከዚያ የ640 በ480 ነጥቦች መጠን ስም ሆነ። ቀጥሎ ባለ 15 ፒኑ የማሳያ ገመድና መሰኪያው በዚሁ ተጠሩ። በመጨረሻም በታይዋን አምራቾችና በብዙ የእስያ ገበያዎች ማንኛውም የምስል ካርድ ቪጂኤ ይባል ጀመር። አንድ ቃል አራት ነገር ይዟል ማለት ነው። ከነዚህ ገበያዎች የመጣን ጽሑፍ የሚተረጕም ሰው «ቪጂኤውን ያውጡ» የሚል ሲያነብ፣ የሚወጣው ገመዱ ይሁን ካርዱ ከዐውዱ መለየት አለበት፤ ገመዱን ነቅሎ ሥራው ያለቀለት የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም።

በ1990ዎቹ አስማሚው ሌላ ሥራ ተጨመረለት። መስመር መሣልን፣ ቦታ መሙላትንና የመሳሰለውን ከዋናው አስሊ ላይ ወስዶ በራሱ መሥራት ሲጀምር ስሙም አፋጣኝ ሆነ። በ1996 ሦስት ዲ ኤፍ ኤክስ የተባለው ኩባንያ ቩዱ ግራፊክስ የሚባለውን አወጣ። ይህ ካርድ የባለ ሦስት ገጽታ ምስል ብቻ የሚሠራ ስለ ነበረ፣ ነባሩ ካርድ በቦታው ይቆያል፤ ሁለቱ ከውጭ በአጭር ገመድ ይያያዛሉ። በዚያን ጊዜ «አፕግሬድ» ማድረግ ማለት መጨመር ነበር። ዛሬ ግን አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፤ ስለዚህ መተካት ሆኗል። የእንግሊዝኛው ግሥ ይህን ለውጥ ዝም ብሎ አሳልፎታል፤ አማርኛው ግን ዝም ሊል አይችልም። ማሻሻልን የአዋጅና የደንብ ቋንቋ ወስዶታል። ማሳደግ የልጅና የማዕረግ ነው። ማደስ ያረጀውን ወደ ነበረበት ይመልሳል እንጂ ከነበረበት አያልፍም። መተካት ደግሞ የተሰበረን በእኩያው መለወጥንም ስለሚጨምር ከፍ ማለቱን አይነግረንም። የኛ አስተያየት ለጠቅላላው አሳብ «አቅም ማሳደግ» ተብሎ፣ በመመሪያው የሥራ ቅደም ተከተል ውስጥ ግን እጅ የሚሠራው ተለይቶ «ይጨምሩ» ወይም «ይተኩ» እንዲባል ነው። የ1997ን መመሪያ «ይተኩ» ብሎ የተረጐመ፣ አንባቢውን ማሳያው የጨለመ ኮምፒዩተር ያስታቅፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በአለፍ አለፍ እናንሣ። የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ በዓለም ገበያ የነበረው ይህ የአፋጣኞች ዘመን ነው። መዝገበ ቃላት በሚሰናዳባቸው ዓመታት ውስጥ ነገሩ ስሙን እየለወጠ ከሄደ፣ የታተመው ቃል ዘመኑን ብቻ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህም የአዘጋጆች ጉድለት ሊባል አይገባም።

በ1999 ኤንቪዲያ ጂፎርስ 256 የተባለውን ሲያወጣ ስሙን ከነፍቺው አቀረበ። ጂፒዩ፣ ማለት የግራፊክስ አስሊ ክፍል፣ ቅርጽን የማንቀሳቀስ፣ ብርሃንን የማስላትና ምስሉን የመሙላት ሥራዎችን በአንድ ቺፕ የሚያከናውንና በሴኮንድ ቢያንስ 10 ሚሊዮን ፖሊጎን ማስተናገድ የሚችል ነው ተባለ። የዓለም የመጀመሪያው ነው የሚል ማስታወቂያም ተከተለው፤ ቃሉ ግን በ1994 በሶኒ ፕሌይስቴሽን ውስጥ ለነበረው ቺፕ ተሠርቶበት ነበር። ተቀናቃኙ ኤቲአይ በ2002 ራዲዮን 9700ን ሲያቀርብ ቪፒዩ የሚል ሌላ ስም ሞከረ፤ ኩባንያው በ2006 በኤኤምዲ ከተገዛ በኋላ ይህ ስም ተረሳ፤ የገዢውም ወገን ጂፒዩን ተቀበለ። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከዚህ የሚያየው አለ። በፍቺ ውስጥ ቍጥር የተከለበት ስም ቍጥሩ ሲያረጅ ፍቺውን ይጥላል፤ ስሙ ግን ይቆያል። ዛሬ 10 ሚሊዮኑን የሚጠቅስ የለም።

ለዚህ ክፍል «ምስል አስሊ» እንላለን፤ አሰላ ከሚለው ግሥ፣ ስሌት ከሚለው ስም ጋር ስለሚዛመድ የሚከብድ አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ግን አስሊው ከካርዱ መለየቱ ነው። በእንግሊዝኛው የዕለት ተዕለት ንግግር ካርዱን የሚለውጥ ሰው «ጂፒዩውን ለወጥሁ» ይላል፤ ክፍሉን ጠርቶ ሙሉውን ማለቱ ነው። በትርጉም ግን ይህ አደገኛ ነው፤ ካርድ የሌለው ኮምፒዩተርም ምስል አስሊ ሊኖረው ይችላልና። ኢንቴል በጥር 2011 ባወጣቸው ሳንዲ ብሪጅ በተባሉት አስሊዎች ውስጥ ምስል አስሊው ከዋናው ጋር በአንድ ቺፕ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን የተገጣጠመ ኮምፒዩተር ባለቤት «ምስል አስሊ ከሌለዎት» የሚል መመሪያ ቢያነብ የለኝም ወይስ አለኝ ለማለት ይቸገራል። ካርድ ማለት የሚሰካው ሰሌዳ፣ ምስል አስሊ ማለት በላዩ ወይም በሌላ ቦታ ያለው ቺፕ ተብሎ ሁለቱ ቃላት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሳይቀላቀሉ ይሂዱ።

ምስል አስሊ የሚለው ስምም ለዘላለም የሚጸና አይደለም። ኤንቪዲያ በ2007 ኩዳ የተባለውን የፕሮግራም ሥርዓት ካወጣ ወዲህ እነዚህ ቺፖች ከምስል ውጭ ላለ ስሌት በስፋት ውለዋል። በ2012 በምስል መለየት ውድድር ያሸነፈው አሌክስኔት የሠለጠነው ለጨዋታ በተሸጡ ሁለት ጂቲኤክስ 580 ካርዶች ነው። ዛሬ የማሳያ መሰኪያ የሌላቸው «የግራፊክስ» አስሊዎች ይሠራሉ። ለነዚያ ሌላ ስም ይፈለግ ይሆናል፤ ለጨዋታ ኮምፒዩተር መመሪያ ግን የምስሉ ስም አሁንም ከነገሩ ጋር ይገጥማል።

በይበልጥ የምንሰናከለው በመሰኪያው ላይ ነው፤ ምክንያቱም የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ወጥመድ አለው። በመ- የሚጀምረውና በ-ያ የሚያልቀው የስም ቅርጽ መሣሪያንም ቦታንም ይሠራል፤ መቍረጫ የሚቈርጡበት መሣሪያ ነው፣ መተኛ ደግሞ የሚተኙበት ቦታ። ስለዚህ መሰኪያ ስንል የሚገባው ነው ወይስ የሚገባበት? በቤት ውስጥ ሶኬት እያልን ለሁለቱም ስለምንጠቀም ጉዳቱ አይታየንም። በመመሪያ ውስጥ ግን «መሰኪያውን በመሰኪያው ውስጥ ያስገቡ» የሚል ዐረፍተ ነገር ተጽፎ አይተናል። የሚገባውን ተሰኪ፣ የሚገባበትን መሰኪያ ብለን ብንለይ ችግሩ ይቃለላል።

በዚህም አያበቃም። በካርዱ ማሸጊያ ላይ «ሁለት ስሎት» የሚል ይጻፋል። ይህን «በሁለት መሰኪያ የሚሰካ» ብሎ የተረጐመ፣ አንባቢውን በእናት ሰሌዳው ላይ የሌለ ሁለተኛ መሰኪያ እንዲፈልግ ያደርገዋል። ካርዱ የሚሰካው በአንድ ነው። ሁለት የተባለው ውፍረቱ ነው፤ በሣጥኑ ጀርባ ላይ ሁለት መሰኪያ የሚወስደውን ቦታ ይይዛል ማለት ነው። የአንዱ ቦታ ስፋት 20.32 ሚሊ ሜትር፣ ማለት 0.8 ኢንች ነው። ይህም ልክ የመጣው ከ1983 ነው። በ1981ዱ የአይቢኤም ኮምፒዩተር አምስት መሰኪያዎች በሰፊው ተራርቀው ነበር፤ በ1983 ኤክስቲ የተባለው ሲወጣ መሰኪያዎቹ ስምንት ሆኑና ተጠጋጉ። ያ ርቀት በ1995 በወጣው የኤቲኤክስ ሥርዓት ውስጥ አልፎ ዛሬ ድረስ ደርሷል። በሌላ ካርድ የተለካ ርቀት ነው እንግዲህ የዛሬው ካርድ ውፍረት መስፈሪያ የሆነው። ስለዚህ በመመሪያው «የሁለት መሰኪያ ስፋት የሚይዝ» ይባል።

ሌላው «ኤክስ 16» የሚለው ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ የተባለው የማገናኛ ሥርዓት በ2003 ሲወጣ መረጃው የሚያልፍባቸውን መስመሮች በቍጥር ለየ፤ ባለ 1፣ ባለ 4፣ ባለ 8፣ ባለ 16 እያለ። ምልክቱ የላቲን ኤክስ ይምሰል እንጂ የማባዣ ምልክት ነው፤ ስለዚህ «ባለ 16 መስመር» ብሎ መተርጐም ይቻላል። ይሁን እንጂ ይኸው ቍጥር አንዳንድ ጊዜ የመሰኪያውን ርዝመት፣ አንዳንድ ጊዜ በእውነት የተዘረጉትን መስመሮች ይናገራል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ጉዳት ይከተላል። ኤኤምዲ በጥር 2022 ያወጣው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ካርዱ በረዥሙ መሰኪያ ይገባል፤ የሚጠቀመው ግን በ4 መስመሮች ብቻ ነው። በአራተኛው ትውልድ እናት ሰሌዳ ላይ በሴኮንድ 8 ጊጋ ባይት ያህል ያልፍለታል፤ በሦስተኛው ትውልድ ላይ ግን ይህ በግማሽ ይወርዳል። አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ሰው በርካሽ ገዝቶት ያነሰ ሥራ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። «ባለ 16 መሰኪያ ስላለዎት ይስማማል» የሚል ትርጉም እውነትም ሐሰትም ነው፤ ይገባል፣ ነገር ግን በሙሉ አቅሙ አይሠራም።

የኃይልን ነገር ባጭሩ እናልፈው ብንል አያሳልፈንም። አማርኛ በአየር ኃይልና በመብራት ኃይል መካከል አይለይም፤ ጉልበቱንም፣ የሚጠራቀመውንም፣ በሴኮንድ የሚፈሰውንም ኃይል ይለዋል። በመመሪያ ውስጥ የሚያስፈልገው የመጨረሻው ነው፤ መለኪያውም ዋት ነው። ቃሉን በመለወጥ ከመድከም ዋት የሚለውን ሁልጊዜ አጠገቡ ማስቀመጥ ይሻላል። ለሚሰጠው ዕቃ ማደያ የሚለው ተስማሚ ነው፤ ነዳጅ ማደያ አስቀድሞ መንገዱን ጠርጎለታል።

ከመሰኪያው ራሱ እስከ 75 ዋት ያህል ይገኛል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከማደያው በቀጥታ ገመድ ይሳብለታል፤ ባለ 6 ፒኑ ሌላ 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት እንዲሰጥ የተወሰነ ነው። በየካቲት 2014 የወጣው ጂቲኤክስ 750 ቲአይ 60 ዋት ብቻ የሚፈጅ ስለ ነበረ፣ ማደያቸው ደካማ የሆነ ተገጣጥመው የተሸጡ ኮምፒዩተሮች ባለቤቶች በደስታ ተቀበሉት። በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1060 ደግሞ 120 ዋት ይፈጃል፤ በዝርዝሩ ላይ ግን 400 ዋት የሚል አለ። ብዙ ረቂቅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ካርዱ 400 ዋት ይፈልጋል» ይላል። አራት መቶው ለሙሉው ኮምፒዩተር የሚመከር የማደያ መጠን ነው፤ የሚመከር ማለትም ግዴታ ማለት አይደለም። የኤክስ 51ን ባለቤት አስቡት። ባለ 330 ዋት ማደያ ካለው፣ 95 ዋት የሚፈጅ አስሊና 120 ዋት የሚፈጅ ካርድ ተደምረው 215 ይሆናሉ፤ ለቀሩት ክፍሎች 115 ይተርፋል። ባለ 240 ዋቱ ካለው የሚተርፈው 25 ብቻ ነው፤ ያ አያስተማምንም። ይህን ሒሳብ አንባቢው ራሱ ሊሠራው የሚችለው የካርዱ ዋት፣ የማደያው ዋትና የምክሩ ዋት በሦስት የተለያዩ ሐረጎች ከተጻፉለት ነው።

በእንግሊዝኛው «የጠርሙስ አንገት» ለሚባለው ማነቆ የሚለው አቻ አስቀድሞ አለን፤ ጥሩ ቃል ነው፤ የቢሮ ጽሑፍ ማንኛውንም ችግር ማነቆ እያለ አደከመው እንጂ። በኛ ርእስ ትርጉሙ የጠበበ ነው። የ2012 አስሊ ከአዲስ ብርቱ ካርድ ጋር ሲጠመድ ካርዱ ሥራ እየጠበቀ ይቆማል። አንዳንዶች እኩያ ካልሆኑ ጥማድ በሬዎች ጋር ያመሳስሉታል፤ ቀንበሩ ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያስኬዳል፣ እዚህ ግን አንዱ አዘጋጅቶ ለሌላው ያቀብላል፤ ስለዚህ ማነቆው ይሻላል። ማነቆው ቦታ እንደሚለውጥም ይታወስ። የምስሉ ነጥቦች ሲበዙ ጭነቱ ወደ ካርዱ ይዞራል፤ ሲያንሱ ወደ ዋናው አስሊ ይመለሳል። «ይህ ኮምፒዩተር ማነቆ አለበት» ብሎ መጻፍ ምንም አይናገርም፤ የቱ ክፍል በምን ሁኔታ የቱን እንደሚያንቅ መነገር አለበት።

የመጨረሻው ጉዳይ ገመዱ ነው። አዲሱ ካርድ ከገባ በኋላ የማሳያውን ገመድ በቀድሞው፣ በእናት ሰሌዳው መሰኪያ ላይ የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ ካርዱም ያለ ሥራ ይቀመጣል። «ገመዱን በማሳያ መሰኪያው ይሰኩ» የሚለው ትርጉም ይህን ስሕተት ይጋብዛል፤ «በአዲሱ ካርድ ጀርባ ባለው መሰኪያ» ሊባል ይገባል። ማሳያው አሮጌ ከሆነና የሚያውቀው ባለ 15 ፒኑን ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ይመጣል። ከ2016ቱ ጂቲኤክስ 10 ትውልድ ጀምሮ የኤንቪዲያ ካርዶች የአናሎግ ምልክት አያወጡም፤ ስለዚህ ቀድሞ በርካሽ ዋጋ የሚገዛው፣ የገመድን ቅርጽ ብቻ የሚያስማማው ቁራጭ አይረዳም፤ ምልክቱን ራሱን የሚለውጥ ዕቃ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም አዳፕተር ሲላቸው ይሰማል። በኤክስ 51 መመሪያ ውስጥ የውጭው ማደያም አዳፕተር ነው፤ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ ካርዱም አዳፕተር ነው። በአንድ የመመሪያ ረቂቅ ላይ አራቱም «አስማሚ» ተብለው ደርሰውን፣ «አስማሚው አስማሚውን ካላወቀው አስማሚ ይግዙ» የሚል መስመር አግኝተናል። በመለስነው አስተያየት ውጭ የሚቀመጠውን የኤሌክትሪክ ማደያ፣ በዊንዶውስ የሚታየውን የምስል ካርድ፣ ቅርጽ ብቻ የሚያስተካክለውን አስማሚ፣ ምልክት የሚለውጠውን የምልክት ለዋጭ ብለናቸዋል።